ሁለቱ የሸክላ ሴቶች

የምሥራች ኦስሎ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ቀን ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ከልጆች ጋር ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ግሮንላንድ የተባለው የከተማዋ ሰፈር ወደሚገኝ የጋራ የሸክላ መሥሪያ ቤት ጎራ ትላለች። ድሮ የምትሠራው ሳህንና ስኒ ነበር። ፊዮሪ ከምትባል ነርስ ጋር ከተዋደዱ በኋላ ግን ከእጇ የሚወጣው ሌላ ሆነ፦ እስክስታ የሚወርዱ ሴቶች፣ እየሳቁ የተቃቀፉ ሴቶች፣ ሁሉም ብርቱካንማና ሐምራዊ የተቀቡ። ፊዮሪ አፍንጫዬን አተለቅሽው እያለች ትከራከራታለች፤ የምሥራች ግን አታሳንሰውም።

አብረው መኖር ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቷ አቶ ተረፈ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከከተማዋ ዳር አመሩድ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። የምሥራች እሑድ እሑድ ስትጠይቃቸው ፊዮሪን "የቤት ተጋሪዬ" እያለች ነበር የምታነሳት።

ባለፈው ሰኔ ሃውገንስቱዋ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ሥራዎቿን እንድታሳይ ተጋበዘች። ለአባቷ አልነገረችም። ማስታወቂያው ላይ ፎቶዋን ያየ ጎረቤት ነገራቸው።

ትርዒቱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን አቶ ተረፈ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የምሥራች በቆመችበት ደርቃ ቀረች። እሳቸው ግንባር ለግንባር የተነካኩ ሁለት የሸክላ ሴቶች ፊት ቆመው፣ ከሥር "እኔና ፍቅሬ" የሚለውን ጽሑፍ ቀስ ብለው አነበቡ።

"ይቺኛዋ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

"ያቺስ?"

"ፊዮሪ ናት። እወዳታለሁ።"

አቶ ተረፈ የአንዷን የሸክላ ሴት አንገት በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ እዚህ ጋ ጭቃው ሳስቷል፣ ውሃ በዝቶበት ነበር አሏት። ይህን ከየት እንዳወቁ ብትጠይቃቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የአቶ ተረፈ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የአገሩ ሰው ገንቧቸውን ይገዛል፤ አብሯቸው ግን አይበላም፣ ቡዳ ናቸው ይላል። አቶ ተረፈም አዲስ አበባ ሲገቡ እናቴ ነጋዴ ናት አሉ። ለሚስታቸውም እንዲሁ። የእናታቸው መርዶ ሲመጣ እንኳ አንዲት ዘመዴ ሞተች ብለው አለቀሱ።

"የገዛ እናቴን ዘመዴ ብዬ አለቀስኳት" አሉ። "አንቺ ይቺን ልጅ የቤት ተጋሪዬ እያልሽ አትኑሪ።"

የምሥራች አቅፋቸው አለቀሰች።

ነገሩ ግን ለአቶ ተረፈ በአንድ ቀን አልቀለላቸውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ ሳይደውሉ ቆዩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሳይጠሩ፣ ግሮንላንድ የሸክላ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጡ። ፊዮሪ ሽርጥ አስታጠቀቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። አቶ ተረፈ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ዙሪያውን ይደራርቡት ጀመር። ስልሳ ዓመት ጭቃ ያልነካው እጅ አልረሳም ነበር።

"አባባ፣ እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?" አለቻቸው ፊዮሪ።

"አልታዬ" አሉ። ስሙን ጮክ ብለው ከጠሩት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከዚያ ተጨማሪ ጭቃ እንድታቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉላት።