የሰማይ ጅራፍ

ማን ጥልቅ በይ አለኝ? እንዲያው ማን? ጥርሴ ተቆጥሮ የሚያልቅ አሮጊት፣ ለሙሽራዋ እልል ብዬ፣ ጠላዬን ጠጥቼ፣ ቀስ እያልሁ ወደ ፍኖተ ሰላሜ መመለስ ሲገባኝ፣ ቡሬ ድረስ ሄጄ በሰው ዳስ መሀል የልጅነት ጦርነት አወጅሁ። ያውም በጅራፍ ነገር። ያውም በጀት አውሮፕላን ነገር!

ነገሩን ያመጣው ስልክ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ሰርግ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ስልክ ላይ እንዳፈጠጡ አንድ ነገር ድንገት ጓ! ብሎ ጮኸ። አጎንብሼ ባይ፣ የብር መርፌ የመሰለች ጀት ሰማዩን ሰንጥቃ ታልፋለች። «ይች ማን ትባላለች?» አልሁ። «ኤፍ ፋይቭ ነው እማማ፣ የድሮ ነው፤ እርስዎ አያውቁትም» አለኝ አንዱ። እኔ! እኔ አላውቃት! እፉኝት በሏት ምን በሏት፣ እኔና እሷ ሚስጥረኞች ነን። ቀና ስል ደግሞ ከሽማግሎቹ መሀል፣ ልክ ፊት ለፊቴ፣ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ደምሴ! የማሳ ጎረቤቴ የነበረ፣ የልጅነት ጠላቴ። ቡሬ ገብቶ እህል ነጋዴ ከሆነ ወዲህ ዓይኔ አይቶት አያውቅም። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሪዙን አበጥሮ፣ ጻድቅ መስሎ ቁጭ ብሏል። ደሜ ፈላ። የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ብዙ መክረውኛል። እኔ ግን ሳሉንም ቂሙንም ይዤ ነው የምኖር።

ልጅ እያለሁ የኛ በቆሎ ከጉብታው ላይ ነበር የሚዘራ። ጥቅምት ሲጠባ አባቴ ግንድ ተክሎ፣ ቅጠል አልብሶ ማማ ይሠራል፤ እኔ ከላዩ ወጥቼ ወፍና ዝንጀሮ እጠብቃለሁ። እናንተ እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፤ የማማ ልጅ ንጉሥ ነው። ከሥር እሸት ይጠበሳል፣ ጭሱ አፍንጫ ይኮረኩራል፤ የበቆሎው ጸጉር ፀሐይ ሲያርፍበት ማር ማር ይሸታል። ሰማዩን ደግሞ ክረምት አጥቦት ሄዷል፣ አንድ ጉድፍ የለበት። በዚያ ላይ ነው እሷ የምትመጣ። ከደብረ ዘይት ነው የምትነሣ ይሉ ነበር። መጀመሪያ እንደ ዓሣ ሆድ ብልጭ ትላለች፤ ከዚያ ነጭ ክሯን እየጎተተች ሰማዩን ትሰፋዋለች። እኛ ልጆች አንገታችን እስኪቆለመም አንጋጠን «ጀቴ ጀቴ፣ አንድ ክር ጣይልኝ!» እንላለን። እናቶቻችን ያማትባሉ። አያቴ ግን «ሰማይ አራሽ ነው፤ በሬዎቹ ናቸው የማይታዩ» ይል ነበር። ወይ ስወዳት! አዲስ ቀሚስ ወይስ እሷን ቢሉኝ፣ እሷን ነበር የምወስድ።

ጅራፍ የሠራልኝም አያቴ ነው። ከቃጫ ገምዶ፣ ጫፉ ላይ የፈረስ ጭራ ጨምሮ ሰጠኝ። ጎረቤቱ «ሴት ልጅ ጅራፍ አታጮህም» ሲለው፣ «ዝንጀሮው ታዲያ ሴት ናት ብሎ ይምራታል?» አለ። በዚያው ክረምት አያቴ ሞተ። ጅራፉ ቀረኝ። እሱን ስይዝ ቁመቴ ራሱ ይጨምር ነበር።

ደምሴ ከኔ ጠና ያለ፣ የጅራፍ አለቃ እኔ ነኝ ባይ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ማማዬ ሥር መጥቶ «ሴት ጅራፍ ከያዘች ዝናብ ይቀራል» ብሎ ነጠቀኝ። ልቀማው ስታገል በገዛ ጅራፌ እግሬን ሸነቆጠኝ። ይኸም አልበቃው፤ እየጮኸ ቤታቸው ሄዶ «የሺ በድንጋይ ፈነከተችኝ» አለ። አባቱ ለአባቴ ነገረ፣ አባቴ ደግሞ ሁለተኛውን ግርፊያ ጨመረልኝ። አልቅሼ ለእናቴ ብነግራት፣ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ በቃ ተይው» አለች። ተይው! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የእግሬ ሰንበር ቶሎ ጠፋ። የአያቴ ጅራፍ በደምሴ እጅ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ግን አንጀቴ ላይ ነበር የሚያርፍ።

ቂም ይዞ ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ብዙ ነገር ያያል። በዚያ ወራት ቀትር ላይ፣ ደመና በሌለበት፣ ዷ! የሚል ነገር ይሰማ ነበር። ትልልቆቹ «ደረቅ መብረቅ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ደረስሁበት፤ ጀቷ ናት! ራሷ ድምፅ ሳታሰማ ታልፍና ጩኸቷን ኋላ ታስቀራለች። እሷ አባይን ስትሻገር ጩኸቷ ገና እኛ ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማንም ከሷ ጋር አያገናኘውም። በጸሎት ለካሁት። ከራሴ በላይ ስትደርስ «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ፤ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ ዷ! ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን አጉረምርማ ብቻ ትሄዳለች። ከጮኸች ግን እዚያችው ቃል ላይ ናት።

ታዲያ ደምሴን በእረኞቹ ፊት ተወራረድሁት። «ካንተ አስበልጬ ካጮህሁ ጅራፌን ትመልሳለህ። ካቃተኝ ጅራፉ ያንተ ይሁን፤ እስከ አጨዳ ያንተንም በቆሎ እኔ እጠብቃለሁ» አልሁት።

«አንች ጉንዳን! በምን ክንድሽ?» ብሎ ሳቀ።

በነጋታው ቀትር ላይ ልጁ ሁሉ ማማዬ ሥር ተሰበሰበ። እሱ ቀደመ። ጧ! አደረጋት፤ ማዶ ያለው ገደል ሳይቀር መለሰለት። አጨበጨቡለት። እየተንቀባረረ ጅራፌን አቀበለኝና ማማው ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ባዶ ነው። መቀነቴን ፈታሁ፣ መልሼ አሰርሁ። እሾህ ወጋኝ ብዬ ተቀምጬ እግሬን አገላበጥሁ። ምንም የለም። «ፈራች! ፈራች!» ይላሉ። ደምሴማ «በይ ውረጅና በቆሎዬ ላይ ያለውን ወፍ አባሪ» አለኝ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ከጀርባቸው፣ ከሰማዩ ጥግ፣ ብልጭ! መጣችልኝ። እነሱ እኔን እያዩ ነው፤ ማን ዞሮ ይያት?

«ቆዩ፣ መጀመሪያ ጸሎት ላድርስ» አልሁ። ከላያችን እስክትሆን ጠበቅሁና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ስል ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። «ስምህ ይቀደስ» አልሁ፤ ዝም። «መንግሥትህ ትምጣ» አልሁ፤ ዝም። ዛሬ አጉረምርማ ብቻ ካለፈች የአያቴ ጅራፍ ሄደ ማለት ነው። አዞርሁት፣ አዞርሁት፣ «የዕለት እንጀራችንን» ብዬ ጣልሁት።

ዷ!

ምድር ዘለለች። ላሞቹ ጭራቸውን ሰቅለው ፈረጠጡ፤ ወፉ ከየማሳው ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ደምሴ እበት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ «እማየዋ! እማየዋ!» ይላል። ሲነሣ ሱሪው ርሷል። ለሰው ክብር ብዬ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ርሷል! እኔም ከላይ ሆኜ «ስጠን ዛሬ» ብዬ ጸሎቴን ቀጠልሁ።

ከዚያ ወዲያ ጅራፌን የነካ የለም። «የሺ ነጎድጓድ» የሚል ስም ወጣልኝ። ደምሴ ጎረምሶ እንኳ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ለማዶ ይሄድ ነበር። እኔ ታዲያ እውነቱን ለማንም ትንፍሽ አላልሁ። እንደ ጠጅ ይብላላ ብዬ ከደንሁት። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ እከፍተዋለሁ፣ ሲቀላም አየዋለሁ ብዬ።

ይኸው ቀኑ ቡሬ ላይ ደረሰ። ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁና በዳሱ መሀል ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ዘረገፍሁት። «አንተ ደምሴ! ያ የኔ ጅራፍ አልነበረም፣ ጀት ናት! ዕድሜ ልክህን ማዶ ለማዶ የሄድኸው በጀት ነው! ሱሪህን ያራስኸው በአባታችን ሆይ ነው!» ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዋ እንኳ ሚዜዋ ላይ ተደፋች። እሱስ? ዓይን ዓይኔን እያየ ፈገግ አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለት እጁን ዘረጋና «አሜን! አሜን!» አለኝ። እኔ ሲቀላ ላየው ጠብቄ፣ እሱ አሜን ይለኛል! አንጀቴ ግማሹ ራሰ፣ ግማሹ እንደ ደረቀ ቀረ። ገና አልደረሰው ይሆናል፣ ጩኸት ኋላ ነው የሚመጣ፤ ማታ ጋደም ብሎ ሲጸልይ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ይፈነዳበታል ብዬ ተጽናናሁ።

ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት የታጨደውን የበቆሎ ማሳ እያየሁ መጣሁ። ያኔ ሰማይ ሲያጉረመርም ልጅ ሁሉ ወደ ደጅ ነበር የሚሮጥ። አሁን ወደ ቤት ነው የሚሮጥ። እኛ «ክር ጣይልኝ» እያልን ነበር የምንለምን፤ የዛሬ እናቶች «ምንም አትጣይብን» ብለው ነው የሚለምኑ። ያችን የኔን ጀት ግን መጥላት አልቻልሁም፤ የዋለችልኝን ውለታ እኔ ነኝ የማውቅ። ጅራፉም ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሎ አለ፤ ጫፉ ብቻ ነው ያለቀ።

ጎረቤቴ አለሚቱ የቡሬ ልጅ ናት፤ የአገሯን ሰው ሁሉ ታውቃለች። ሰርጉ ላይ አብራኝ ውላ፣ አብራኝ ተመለሰች። ፍኖተ ሰላም ከመኪና ስንወርድ ነጠላዋን እያጣፋች እንዲህ አለችኝ፦ «አንች የሺ፣ ደምሴ እኮ ጆሮው ከደነቆረ ስንት ክረምቱ! አሜን ያለሽ የምትመርቂው መስሎት ነው።»