ድምፁን የምትዘጋው መምህርት

ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሚዛን ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤታችን ሲመጣ ቁልፉንና ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አትሳቁብኝ፤ ያኔ ሪሞት መያዝ ሹመት ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርዳል። ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች ባሕር አየን። የሰው ልብ ሲመታ አየን። እውነቱን ለመናገር እኔም ከተማሪዎቹ እኩል አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

ችግሩ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ነው። እንግሊዝኛውን ያንደቀድቀዋል። ልጆቻችን ቤታቸው ቤንችኛ ወይ ሸኮኛ ወይ ካፊኖኖ የሚናገሩ፣ አማርኛውን እንኳ ከተማ ገብተው ያቀኑ ናቸው። «አሁን ተወያዩበት» ይላል፤ ደብተር ሳይገለጥ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ማንን ነው በጣም ጥሩ የሚለው? ደሜን ያፈላው ነበር።

የባዮሎጂ መምህርቷ ባልደረባዬ ግን እንደ እኔ ስትነጫነጭ አልዋለችም። ጠዋት ትምህርቱ ሲተላለፍ ሌላ ክፍል ኋላ ተቀምጣ ትከታተላለች። ከሰዓት ያው ትምህርት ለራሷ ክፍል ሲደገም ሪሞቱን ትቀበለኝና ድምፁን ዘግታ፣ ምስሉን እየተከተለች ራሷ ታስተምራለች። ደም ወደ ልብ ሲገባ እጇም አብሮ ይገባል። ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ሲከብዳቸው በአማርኛ፣ ከዚያም ሲብስ አንዱን አስነስታ ለጓደኞቹ በቤንችኛ ታስነግረዋለች። እኔን እንዲህ ያስተማረኝ ቢኖር ዛሬ ሐኪም ነበርኩ።

ድምፅ መዝጋት ግን ክልክል ነው። አንዴ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከደገመች ሩቅ ገጠር፣ ወደ ቱም ትዛወራለች ተባለ። እናቷ ደግሞ ሕመምተኛ ናቸው፤ አማን ሆስፒታል ደግፋ የምታመላልሳቸው እሷ ብቻ ናት።

«ተይው በቃ፣ ይለፍልፍ። አንቺ ምን አገባሽ?» አልኳት።

«ልጆቹስ?» አለችኝ፤ ሳምንቱን ሙሉም አኮረፈችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱፐርቫይዘሩ ሳይነግሩ መጡ። ቆፍጣና ሽማግሌ ናቸው። ተያይዘን ክፍሏ ስንገባ ድምፁ ተዘግቷል። ሪሞቱ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

«ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ፊቷ አመድ መሰለ። እናቷ ትዝ እንዳሏት ገባኝ፤ አንጀቴን በላችው።

አሁንስ ትቀመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ሄዳ ቆመችና ካቋረጠችበት ቀጠለች። ከላይ ሰውዬው ይጮኻል፤ እሷ አልጮኸችም። የኋላዎቹ ልጆች አልሰማ ቢላቸው ዴስካቸውን እየጎተቱ ቀረቡ። ከዚያ የመሀሎቹም ተነሱ። ሁሉም ፊት ተጠጋግተው ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ለብቻቸው ቀሩ። ጆሯቸውን አዘንብለው ጥቂት ታገሡ። በመጨረሻ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ሄዱና ልጆቹ መሀል ተቀመጡ።

እኔ ሪሞቱን ይዤ እንደ ጅብራ ተገትሬያለሁ። ዞረው በቁጣ አዩኝ።

«ምን ትጠብቃለህ? ዝጋው እንጂ፤ መምህርቷን መስማት አልቻልንም እኮ።»

ወደ ቱም የመዛወሩ ወሬ በዚያው ቀረ። ያን ዕለት ወደ አማን ልትሄድ ባጃጅ ስትጠብቅ ደረስኩባትና ሪሞቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሹመቱ የሷ ነው።