ባለ ዘጠና ዘጠኝ

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንድ ትንሽ ሥራ ሠራሁ። በድርጅታችን ኮምፒውተር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎደሎ ሆኖ የኖረን የአንድ ከተማ ስም ሙሉ አደረግሁት። አምስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ነገሩ እንዲገባ ግን ከካርዱ ዘመን መጀመር አለብኝ። ደግሞም መነሻው የእኔ ጥፋት ስለሆነ ሌላ ሰው ከሚያወራው ራሴ ብናገረው ይሻላል።

የተወለድኩት መካነ ሰላም ነው። አባቴ ከደሴ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ እያስጫኑ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ደሴ ጨርሼ አዲስ አበባ ስሄድ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ሸቀጥ በመኪና የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ካርድ እንድበሳ ቀጠረኝ። አባቴ ሥራዬን በደብዳቤ ባስረዳቸው ጊዜ "ልጄ ወረቀት እየበሳች እንጀራዋን ትበላለች" ብለው ገበያውን ሁሉ አሳቁብኝ።

እውነትም ወረቀት መብሳት ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ሙሉ ይዞ ይቀመጣል። ክፍሉ እንዳይሞቅበት ቀኑን ሙሉ ስለሚቀዘቅዝ እኛ በጥርሳችን እናዜማለን፤ ጋቢ እንዳንደርብ ደግሞ ብናኙ ማሽኑ ውስጥ ይገባል ተብሎ ተከልክለናል። የሥራችን ነገር ይህ ነው፦ ታይፕ በሚመስል ማሽን ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱን የጭነት ማዘዣ ወደ ካርድ እንለውጣለን። ማሽኑ ፊደሉን በቀዳዳ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ቀዳዳውን ያነብና የትኛው መኪና ምን ጭኖ የት እንደሚሄድ በረጅም ወረቀት ያትማል። ለከተማ ስም የተሰጠው ቦታ ስድስት የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ከስሙ ቀጥሎ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር አለ፤ መኪናውን የሚመራው እንደ እውነቱ ከሆነ ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ቁጥሮቹ በአንድ ጥቁር መዝገብ ላይ ተጽፈው ይኖራሉ።

የክፍላችንን ኃላፊ ጋሼ እንላቸው ነበር። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ከደብረ ዘይት ወዲያ ርቀው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግን የአገሩን ከተማ ሁሉ በቁጥሩ ያውቁታል። "ሠላሳ አንድ መንገዱ ተበላሽቷል አሉ" ሲሉ ዘመድ የታመመባቸው ይመስሉ ነበር። ማሽኑ ካርድ ነክሶ ሲቆም ክዳኑን ከፍተው በጥርስ ብሩሽ አቧራውን ይጠርጋሉ፣ ብሎኑን ያጠብቃሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። አንድ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ስመለከት ብሎን መፍቻውን ሰጡኝ። ወንዶቹ ሳቁ። እሳቸው ዞር ብለው አላዩዋቸውም፤ "በደንብ ያዢው፣ አይነክስሽም" ብቻ አሉኝ። በኋላ የበላሁት እንጀራ ሁሉ ከዚያች ብሎን መፍቻ የተገኘ ነው።

ከዚያ አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ፣ ከወራት በኋላ ድርጅቱም ተወረሰ። ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ኮምፒውተሩ ቀረ። የወሎ ረኃብ ከተደበቀበት ወጥቶ አገር ያወቀው ስለነበር የእኛም መኪናዎች የእርዳታ እህል እንዲያመላልሱ ታዘዘ። ስኳርና ሳሙና ስንልክበት በነበረው ካርድ ስንዴ መላክ ጀመርን።

አንድ ቀን ከደሴ በእጅ የተጻፈ ማዘዣ ደረሰኝ። "ለቦረና፣ ሦስት መኪና ስንዴ" ይላል። የጠቅላይ ግዛቱ ስም አልተጻፈበትም፤ ደሴ ላለ ሰው ቦረና አንድ ነው፣ ምን ብሎ ይጻፈው? መካነ ሰላም ያለችበት የእኛ ቦረና ነው። ለእኔም አንድ ነው። መዝገቡን ገለጥኩ። "ቦረና" የሚል አለ፣ ቁጥርም አለው። እንዴት ደስ አለኝ! ድርጅታችን ወደ እኛ አገር መኪና ልኮ አያውቅም፤ ሸቀጡ ደሴ ይራገፋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የበቅሎ ሥራ ነው። ለካ አገሬ ቁጥር አላት ብዬ ኮራሁ። ቁጥሩን ማዘዣው ላይ በእርሳስ ጻፍኩና ካርዱን ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ በሳሁት። ካርዱን ደግማ እየመታች የምታረጋግጠው ልጅም እኔ የጻፍኩትን ቁጥር ነው የመታችው፤ ምን ታድርግ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሰው እህል ነበር።

ወር ሳይሞላ የአባቴ ደብዳቤ መጣ። እንደወትሮው በሰላምታ ብዛት ገጹን አልሞሉትም። "ከወግዲም ከከላላም ሰው እየጎረፈ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ግቢ ሞልቷል። ለቦረና እህል ተጭኗል ቢሉን በቅሎዎቹን ይዘን አቀስታ ድረስ ሄደን ስምንት ቀን ጠበቅን። የመጣ የለም። ክረምቱ ከገባ መንገዱ ይዘጋል፤ ያኔ የቀረንን ሰው እንቀብራለን። አንቺ እዚያ ሆነሽ የምትሰሚው ነገር ካለ ላኪብን" ይላል።

የጭነቱን ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። ደርሷል፣ ተፈርሟል። ወደ መዝገቡ ሮጥኩ። ቦረና ከሚለው መስመር ላይ ጣቴን አስቀምጬ እስከ ቀኙ ገጽ ጠርዝ ሄድኩ። እዚያ በደቃቅ ጽሕፈት "ሲዳሞ" ይላል። ሌላ ቦረና! በትምህርት ቤት ካርታ ላይ አይቼው የረሳሁት፣ በደቡብ ጫፍ ያለው ቦረና።

በዚያ ሰሞን ስህተት የሚባል ቃል ከአገር ጠፍቶ ነበር። የጠፋ ነገር ሁሉ አሻጥር ነው የሚባለው፣ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ደብዳቤውንና ካርዱን ይዤ ጋሼ ፊት ቆምኩ።

"ጋሼ፣ አጠፋሁ።"

ሁለቱንም አገላብጠው አዩ። "ስንት ቦረና ነው ያለው?"

"ሁለት።"

"አንቺ የየትኛው ነሽ?"

"የጠፋው።"

አልሳቁም፣ አልተቆጡም። መዝገቡን ሳቡና ባዶ ቁጥር መፈለግ ጀመሩ። ባዶ የለም። እስከ ዘጠና ስምንት ሞልቷል። የቀረው ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ እሱ ደግሞ የእሳቸው መፈተኛ ነበር። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን ለማየት የሐሰት ጭነት የሚልኩበት፣ እውነተኛ መኪና ሄዶበት የማያውቅ ቁጥር። ጥቂት አዩትና "ይሄ የእናንተ ይሁን፤ እኔ መፈተኛ አላጣም" አሉ።

ስሙን ለመብሳት ተቀመጥኩ። ቦረና ብዬ እንዳልደግመው መካነ ሰላም ልጽፍ አሰብኩ። ስድስቱ የላቲን ፊደል "መካነ" ላይ አለቀ።

"ጋሼ፣ ሰላሙ ቦታ አጣ።"

"በዚህ ዘመን የማን ሰላም ቦታ አገኘ? መካነ ይበቃል። እህሉ ይግባ እንጂ።"

ከዚያ ወረቀት አወጡና ለአዲሶቹ አለቆች ጻፉ። እህሉ ወደ ሌላ ቦታ የሄደው በመዝገቡ ጉድለት መሆኑን፣ የመዝገቡም ኃላፊ እሳቸው መሆናቸውን ገልጸው፣ ሌላ ሦስት መኪና ባስቸኳይ እንዲጫን ጠየቁ። ሲፈርሙ ቆሜ አያለሁ።

"ካርዱን የበሳሁት እኮ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ከመኪኖቹ ጋር ትሄጃለሽ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።"

እውነት መስሎኝ ሄድኩ። ከአካባቢው ሊያርቁኝ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

አቀስታን እንዳለፍን ዝናቡ ቀደመን። አንድ ዳገት ላይ የፊተኛው መኪና እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገባና ሌሎቹን ዘጋ። ሾፌሩ የሰማይና የምድር ስድብ አወረደ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ወደ ከተማው ገሰገስኩ። ገና ሩቅ ሳልሄድ አባቴን ከበቅሎዎቻቸው ጋር አገኘኋቸው፤ መኪና ጮኸ ሲባል ሰምተው እየመጡ ነበር። የራሳቸው በቅሎዎች ብቻ አይደሉም፣ የነጋዴው ሁሉ በቅሎና አህያ ተሰልፏል። እህሉ ከዚያ ዳገት መካነ ሰላም እስኪገባ ሦስት ቀን ፈጀ፣ ሰው ሁሉ እየተሸከመ። አከፋፋዮቹ የከተማው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ተቀምጠው። አንዲት ከከላላ የመጣች ሴት ድርሻዋን በነጠላዋ ቋጥራ ልትነሣ ስትል "ማነው የላከው? ልመርቀው" አለችኝ። ቋጠሮዋን አንሥቼ አሸከምኳት። ሁለት ልጆች ይዛ እንደመጣች፣ አንዱን እዚያው ቀብራ ለአንድ ልጅ የሚሆን እህል ይዛ እንደተመለሰች የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማታውኑ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት እያየሁ ነው የነገርኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "እዚያም የበላው የአላህ ፍጡር ነው። አንቺም አውቀሽ አላደረግሽውም። የዛሬውስ እንዴት መንገዱን አገኘ?"

"አዲስ ቁጥር ወጣልን።"

"ስንት?"

"ዘጠና ዘጠኝ።"

ሙስበሃቸውን የሚቆጥሩት ጣቶች ቆሙ። "ያ ረቢ! የአላህ ስሞች ቁጥር እኮ ነው። ሰውየው እስላም ነው?"

"አይደሉም አባባ፣ ክርስቲያን ናቸው። ቁጥሩም እንዲሁ መፈተኛ ነው።"

"ታዲያ ዱንያስ ራሷ መፈተኛ አይደለችም?" አሉኝ። ስማቸውን ልነግራቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። "ግዴለም። ባለ ዘጠና ዘጠኝ እለዋለሁ፤ የሚሰማው ያውቀዋል።"

አዲስ አበባ ስመለስ የጋሼ ወንበር ባዶ ነበር። በሄድኩ በሁለተኛው ቀን መጥተው ወሰዷቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላሳምር ልናገር፦ ሄጄ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ፈራሁ። ጠዋት እየገባሁ በብሎን መፍቻቸው ማሽናቸውን እየከፈትኩ፣ በጥርስ ብሩሻቸው እየጠረግኩ፣ ካርዱ ሲነከስ እያስለቀቅኩ ዋልኩ። ማሽኑ ቆሞ ቢያገኙት የሚያዝኑ መሰለኝ። ለሕሊናዬ የሰጠሁት ጉቦ ያ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተና ገቡ። ከስተዋል፣ ፀጉራቸው ተላጭቷል። ደኅና አደርሽ እንኳን አላሉኝም።

"እህሉ ገባ?"

"ገባ ጋሼ።"

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "እንዴት ለቀቁዎት?" አልኳቸው።

"ምን አውቄ። ስሜን ጠሩ፣ ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ። ማን እንዳስፈታኝ እግዜር ይወቀው።" ይህን ብለው የዕለቱን ካርድ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ።

ካርዱ ቀርቶ ቴፕ መጣ፣ ቴፑ ቀርቶ ዲስክ፣ በመጨረሻ ሰርቨር። መንግሥት ተለወጠ፣ የድርጅቱም ስም ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ያ ፕሮግራም ግን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ ኖረ፤ የሚሠራን ነገር ለመንካት የሚደፍር አልነበረም። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ መዝገቡንም ብሎን መፍቻውንም ለእኔ ተዉልኝ። ሰርቨሩ ሲግል ከሞተ ኮምፒውተር ማራገቢያ ፈትቼ ገጥሜለታለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ በአልጋ ሸራ አልብሼዋለሁ። አዳዲስ መሐንዲሶች እየመጡ "ይሄ መካነ የሚባለው የምን መካን ነው? ስህተት ነው፣ እናጥፋው" ሲሉኝ እጃቸውን እመታ ነበር። ቁጡ ናት አሉኝ፤ ይበሉ።

በመጨረሻ ፕሮግራሙ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር የስም ቦታው ሰፋ፣ በአማርኛ ፊደልም መጻፍ ተቻለ። ዘጠና ዘጠኝን ከፈትኩና መካነ ከሚለው ቀጥሎ "ሰላም" ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩን አልነካሁትም። የመጀመሪያውን የጭነት ወረቀት አትሜ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

አርጅተዋል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ፊደል በፊደል አነበቡት። "ሰላሙ ገባ ማለት ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ዓመታት የዋጥኩት ወጣ። "ጋሼ፣ በእኔ ጥፋት ታሰሩ። እኔ ነኝ ብዬ መሄድ ነበረብኝ" አልኳቸው።

"ብትሄጂ ማሽኑን ማን ይከፍተው ነበር?"

አለቀስኩ። ከዚያ ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው፤ አባቴ እስከሞቱበት ቀን ድረስ ዱዓ ባደረጉ ቁጥር "ያንንም ባለ ዘጠና ዘጠኝ ጠብቀው፣ ከክፉ አውጣው" ሳይሉ እጃቸውን ወደ ፊታቸው መልሰው እንደማያውቁ።

"ስሜን ሳያውቁ?"

"ሳያውቁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እህሉ ከገባበት ማታ ጀምሮ። እርስዎ እስር ቤት እያሉ።"

ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"እኔ ደግሞ ማን አስፈታኝ እያልኩ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ" አሉኝ።