ጋቢውን ያሰጣሁት እኔ ነኝ

ከባለቤቴ ከሙሉቀን ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ከግድግዳው ማራቅ ነበር። ሰኔ ገብቷል፤ ቢቸና ላይ ዝናቡ መውረድ፣ የጭቃው ግድግዳም ከውስጥ ማላብ ጀምሯል። በየዓመቱ እንደምናደርገው እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ያዝን። «ቀስ በይ፣ ገመዱን እንዳትረግጪው» አለኝ። ካስቀመጥነው በኋላ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳደረገ፣ «ያን ጊዜ ትርንጎ መስኮቱን ባትረሳው ኖሮ የአባባ ድምፅ ዛሬ ይኖረን ነበር» አለ።

እኔ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አለበስኩት። በሳምንቱ ልቡ ከዳውና ዐረፈ።

እሱ እስኪሞት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ ስቀርብ ትንንሹን እየዘረዘርኩ ይህን እያለፍኩ ኖርኩ። ትርንጎ መስኮቱን አልረሳችም። የአባባ ድምፅ የነበረበትን የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አበላሽቼም በእሷ ያሳበብኩት እኔ ነኝ።

ትርንጎ የሙሉቀን ታናሽ እህት ናት። ያኔ ከሞጣ መጥታ እኛ ዘንድ ሆና ትማር ነበር። አባታቸው ሞጣ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት ሙሉቀን አጠገባቸው ተቀምጦ ድምፃቸውን በስልኩ ቀድቶ ነበር፤ ዜማቸውን፣ ምክራቸውን፣ ሳላቸው ሳይቀር። ስልኩ ሲሞላበት ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠና ከስልኩ አጠፋው። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ይጠብቀው ነበር። ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ያስቀምጠዋል። ሥራ ባይኖረውም በየቀኑ ይከፍተዋል፤ የራሱ ሙቀት እርጥበቱን ያደርቅለታል ይላል። ሲዘጋው ስስ የጥጥ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ ላስቲክ እንዳናለብሰው አጥብቆ ያስጠነቅቃል፣ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል እያለ። በዚያ ክፍል ውሃ ማፍላት፣ እርጥብ ልብስ ማስገባት ክልክል ነው።

«እኔንስ መቼ ነው እንዲህ የምታለብሰኝ?» እለው ነበር።

«አንቺን ምላስሽ ያሞቅሻል» ይለኛል። ትርንጎ በሳቅ ፍርስ ትላለች።

በዚያ ነሐሴ ሙሉቀን ለስልጠና ደብረ ማርቆስ ሄደ። መብራት ከጠፋ ቀናት አልፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ሙሉቀን ለፍልሰታ ጾም ፍቺ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን እንዲሳለም ብዬ ጋቢውን አጠብኩት። በነሐሴ ጋቢ የሚያጥብ ማን ነው? እኔ አጠብኩ። ከደጅ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ማድቤት ባመላልሰው አልደርቅ አለ፤ መሽተት ጀመረ። ኮርኒስ ያለውና ሙቀት የሚይዘው የኮምፒውተሩ ክፍል ብቻ ነበር። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግኩት። ትርንጎ ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርኩ፤ ጋቢውን አሰጣሁ፤ ከሥሩ የተያያዘ የከሰል ምድጃ አኖርኩ፤ መስኮቱ ቀድሞውንም ዝግ ነበር፤ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስመለስ ክፍሉን እንፋሎት ሞልቶታል። ጋቢው ደርቋል። በመስኮቱ መስታወት ላይ ውሃ ይወርዳል። የኮምፒውተሩን ጨርቅ ብገልጠው ርሷል፤ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃው ጤዛ መስሎ ተንጠልጥሏል። ውጪውን በነጠላዬ ጠረግኩት። ውስጡንስ? ውስጡን ማን ያየዋል አልኩ። ጋቢውን አጣጠፍኩ፣ ገመዱን ፈታሁ፣ ምድጃውን አወጣሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ልቤ ይመታ ነበር። ጥፋት መሆኑን ያላወቀ ሰው ልቡ ለምን ይመታል?

በማግስቱ ሙሉቀን ተመለሰ፤ መብራቱም መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሄዶ ከፈተው። ጧ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎን ድረስ መጣ። ከሶኬቱ ነቀለው፣ ክዳኑን ፈትቶ ወደ ውስጥ አየ።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ነው እዚህ ክፍል የገባው?»

ትርንጎ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «እኔ ከትናንት ወዲያ ፀሐይ ወጣ ሲል መስኮቱን ከፍቼ አናፍሼዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።»

«መልሰሽ ዘግተሽዋል?»

አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። «አልዘጋችውም። ዝናቡ ሲገባ ደርሼ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም ማለት ያምረኛል። ግን አውቃለሁ። የሙሉቀን ዓይን ከእሷ ወደ እኔ ሊዞር ሲል አየሁ፤ እንዳይዞር ብዬ ነው። ይመታኛል ብዬ ነው? እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ታዲያ ምን ፈራሁ? በእሱ ዓይን ማነስን። ለዚህ ብቻ።

ትርንጎ ዞራ አየችኝ። «የዘጋሁት መስሎኝ ነበር፣ እታለም» አለችኝ። አልተከራከረችም። ከራሷ ይልቅ እኔን አመነች።

ሙሉቀን አልጮኸም። «አባባን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልሽው» አላትና ወጣ።

በማግስቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ ሞጣ ተሳፈረች። መኪናው እስኪነሳ አብሬያት ቆምኩ። «አይዞሽ፣ ይበርድለታል» አልኳት። እኔ! አንድ ቃል ብናገር ከመኪናው ትወርድ ነበር። መስከረም ሲጠባም አልተመለሰችም። ኮምፒውተሩን ሙሉቀን አዲስ አበባ ድረስ ልኮ አስመረመረው፤ አልዳነም፤ በኋላ ሌላ ገዛ። ትርንጎ ስታገባ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ከሰርጓ ቀረ። ዘመዱ ሁሉ የአባቷን ድምፅ ያጠፋች ይላት ጀመር። እኔ በየክረምቱ፣ ግድግዳው ማላብ ሲጀምር፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ዝናቡ ያቆማል፤ እኔም እተወዋለሁ።

ለቀብሩ ትርንጎ ደረቷን እየመታች መጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ይቅር ሳትለኝ!» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔን አቀፈችኝ። በክንዴ ውስጥ ሆና ስትንቀጠቀጥ፣ ያኔም አልነገርኳትም።

ከአርባው በኋላ ሞጣ ሄድኩ። ቤቷ ስገባ ልጇን እያጠባች ነበር። ጋቢውን፣ ምድጃውን፣ እንፋሎቱን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ልጁን ከጡቷ ሳታላቅቅ አዳመጠችኝ።

«ዘግቼው ነበር ማለት ነው» አለች።

«ዘግተሽዋል።»

«ያን መስኮት በሐሳቤ ስንት ጊዜ ዘግቼዋለሁ መሰለሽ፣ እታለም። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ሆኖ ይታየኛል። ከዚያ ደግሞ፣ እታለም ትዋሻለች እንዴ? እላለሁ። ዛሬ እኮ የራሴን በር ቆልፌ አላምንም፤ ከመንገድ ተመልሼ አየዋለሁ።»

እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«ተነሺ» አለችኝ። «ለእኔስ ነገርሽኝ። ለእሱ ማን ይነግረዋል?»

ተነሣሁ። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍም፤ አላለችኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም። ደንግጬ ነበር ብል፣ ጋቢውንም ያጠብኩት ለእሱ ብዬ ነው ብል፣ ሁለቱም እውነት ነው። ትርንጎን ከቤቷ ያስወጣት ግን ድንጋጤም ጋቢም አይደለም። እኔ ነኝ።

አሁን ውሸቴን የሰሙትን ዘመዶች ቤት ለቤት እየዞርኩ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ በር ላይ አቁሞ ይሰማኛል። ባለፈው ቅዳሜ አጎታቸው ቤት ነበርኩ። የሚመጣው ቅዳሜ ግንደወይን እሄዳለሁ።