ያልሳልኩት ፍል ውሃ

ምን ነክቶኝ ነው ያን መጽሐፍ ያነበብኩት? ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት የሮማንያ ልብወለድ ነበር። አልጋ የያዘ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ የመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ በሐሳቡ ይጓዛል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። የሥዕሉ መንገድ ያለቀ ዕለት ግን ሳይመለስ ቀረ።

እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። አባቴም ያኔ ጉልበታቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ነበሩ። "ወንዛዬ ፍል ውሃ ብገባ እድን ነበር" ይላሉ። መንገዱ ደግሞ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ይዘጋል። "ዛሬስ ተከፈተ?" ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። ስለዚህ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ቀባሁላቸው፤ ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ወረታ፣ የፎገራን ሩዝ፣ ከዚያ ሐሙሲትን።

ከሥራ ስመለስ አብረን እንጓዛለን። "ይሄ ሹፌር አበደ እንዴ? ቀስ በል በዪው እንጂ!" ይሉኛል። በሳቅ እሞታለሁ።

ከሐሙሲት ወዲያ ያለውን ወንዛዬን ግን አልሳልኩም። እውነቱን ልናገር፣ ያ መጽሐፍ አስፈርቶኛል፤ መንገዱ ካለቀ አባቴም የሚሄዱብኝ መሰለኝ።

"ውሃውስ?" አሉኝ።

"ሰማያዊው ቀለም አልቋል፣ አባዬ።"

"ሰውን ወንዝ አውርደሽ ሳታጠጪ ትመልሻለሽ?"

ሙሉ ጣሳ ሰማያዊ ቀለም አልጋዬ ሥር ደብቄ ሦስት ሳምንት ዋሸኋቸው። ተኩሱ እየቀረበ መጣ፤ ጎረቤቶቻችንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። አባቴ ምግብ ቀነሱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ ግን ያልሳልኩበትን ነጭ ግድግዳ እጠብቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወጥቼ የሚኒባስ ረዳት "ሐሙሲት! ሐሙሲት!" እያለ ሲጣራ ሰማሁ። እሰይ! ዘንቢሌን ይዤ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ።

"አባዬ፣ ተከፈተ! ነገ ይዤዎት እሄዳለሁ!"

አልጋው ባዶ ነበር። አባቴ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸው ወድቋል፤ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠውታል። ነጩ ቦታ ላይ በከሰል ክብ ክብ ነገር ተስሏል፤ ከላዩ የሚንቀጠቀጥ እንፋሎት። እግራቸውን ወደዚያ ዘርግተዋል።

"ነገ ደግሞ የት ልንሄድ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ። "እኔ እኮ ደረስኩ። ነይ ግቢ፣ ውሃው ይፋጃል።"

ወይኔ! ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። እስከ ጉልበታቸው ድረስ ቀዝቅዟል።