አያቴ የክርስትና ስሟን ለማን ነግራ ኖሯል

ዛሬ ሮም፣ አንድ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የእናቴ አባት የጻፈውን ኑዛዜ በዓይኔ አየሁት።

ሐረር አጠገብ እርሻ የነበረው ጣልያን ነው። «ቤቱንና አትክልት ቦታውን ለልጄ እናት ለወለተ ሥላሴ» ይላል።

ቦታውንማ ደርግ ወርሶታል። እኔ የፈለግኩት «ልጄ» የሚለውን ቃል ነው። እናቴ አባቷ ልጄ ይበላት አይበላት ሳታውቅ ነው ያረጀችው።

ችግሩ፣ የአያቴ ወረቀት ሁሉ ዘነበች ነው የሚለው። የክርስትና ስም ለንስሐ አባት እንጂ ለቀበሌ አይነገርም። እኔ ራሴ ወለተ ሥላሴ መሆኗን የሰማሁት ቀብሯ ላይ፣ ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ነው። ለሰውየው ግን ነግራዋለች። ጉድ እኮ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «አሎራ፣ እንግዲህ ወለተ ሥላሴና ዘነበች አንድ ሰው ለመሆናቸው ዶኩሜንቶ አምጪ» አለችኝ። ከየት ላምጣ? የንስሐ አባቷም ሞተዋል።

ስወጣ እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ልጄ ብሎሻል» አልኳት። «ወረቀቱን ላኪልኝና ልየው» አለች።

ዝምድናውን ላላስመሰከረ ኮፒ አይሰጡም። ፎቶም ክልክል ነው።

የክርስትና ስም ለቢሮ ያስረዳችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት እባካችሁ ጻፉልኝ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ እየጠበቀች ነው።