አርባ አንድ አንዶች

በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቆቦ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ አባቴ አርባ አንድ አኃዝ ያለው ቁጥር በቃሉ ማካፈል ጀመረ። አኃዞቹ ሁሉም አንድ ናቸው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ዓይኑ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። በመጋቢት ደግሞ ስትሮክ መታው። ንግግሩ ሲመለስለት ሐኪሙ “ማስላት መቻሉን ግን ጊዜ ያሳየናል” አለን። አባቴ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው።

“ቃል ቢጠፋኝ እናንተ ትነግሩኛላችሁ። ቁጥር ከጠፋኝ ግን ምን ቀረኝ?”

የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ባለ አርባ አንድ ዶቃ መቁጠሪያ ሰጡት፤ በየዶቃው “እግዚኦ” እንዲልበት። ጸሎቱን ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን ጣቱ አያርፍም። እያንዳንዱን ዶቃ እንደ አንድ አኃዝ ቆጥሮ ረጅሙን ቁጥር ይመረምራል። ዶቃው ስድስት ቢሆን ሁለት ሁለት ሆኖ ይቧደናል፤ ስለዚህ 111111 ለ11 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አርባ አንዱ ግን ሁለት ሁለት ቢለው፣ ሦስት ሦስት ቢለው፣ አምስት አምስት ቢለው ይተርፋል። በዚህ ተነሥቶ ቁጥሩ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፣ ብቸኛ ቁጥር ነው አለ። ከታመመ ወዲህ ለጠያቂ ሁሉ ደስ ብሎት የሚያወራው ይህንን ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ለዘገባ ሥራ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ሄጄ ሚኒባስ ስጠብቅ በስልኬ አጣራሁ። ቁጥሩ ለ83 ይካፈላል። ዶቃው እኩል የተቧደነ ቁጥር ሁሉ ይካፈላል፤ ያልተቧደነ ሁሉ ግን አይካፈልም ማለት አይደለም። ልንገረው፣ ልተወው እያልኩ ቆቦ ደረስኩ። ነገርኩት።

መቁጠሪያው እጁ ላይ ቆመ።

“ስልክሽ ነው ያለው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“አካፍሎ አሳየሽ?”

“መልሱን ብቻ ነው ያሳየኝ።”

“እንግዲያ ወረቀት ያዢና ተቀመጪ። እኔ በአፌ፣ አንቺ በጽሑፍ። ብሳሳት እንዳታርሚኝ።”

እናቴ አጠገባችን ማሽላ እየለቀመች ነበር። “ቄሱ ለጸሎት ቢሰጡህ ታካፍልበታለህ?” አለችው።

“ማብዛቱ የእግዜር ነው። ማካፈሉን ለእኔ ተይልኝ።”

“ተወው፣ ትደክማለህ።”

“ደክሜስ የት ልሄድ?”

ሥራው ቀላል ግን ረጅም ነው። ከቀሪው ኋላ አንድ ያወርዳል፣ በሰማንያ ሦስት ያካፍላል፣ ዶቃ ያሳልፋል። “ሃያ ስምንት ቀሪ። አንድ ስናወርድ ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ። ሦስት ጊዜ፤ ሠላሳ ሁለት ቀሪ።” እናቴ መልቀሙን ትታ ከንፈሩን ታያለች። አንድ ባጃጅ በር ላይ ጥሩንባውን ሲነፋ አባቴ ስሌቱን አቋረጠ። ጣቱ ግን ዶቃውን አልለቀቀም። ባጃጁ ሲያልፍ ቀጠለ።

ሠላሳ አንደኛው ዶቃ ላይ “ቀሪ አርባ አንድ” አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዶቃዎቹ አርባ አንድ መሆናቸውን ታውቃለች። የዶቃውን ቁጥር ከቀሪው ጋር የደባለቀ መሰለኝ። ወረቀቴን አየሁ። አራት ቀሪ፣ አንድ ሲወርድ አርባ አንድ፣ ሰማንያ ሦስት አይደርስበትም። ልክ ነው። ለእናቴ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አረጋገጥኩላት።

“ምነው ዝም አላችሁ?” አለ አባቴ። “እንግዳ መጣ እንዴ?”

“አልመጣም፤ ቀጥል” አለችው እናቴ። 

አርባኛው ዶቃ ላይ ሃምሳ ስምንት ቀረ። የመጨረሻውን አንድ አወረደ፤ አምስት መቶ ሰማንያ አንድ። ሰማንያ ሦስት ሰባት ጊዜ ደረሰ፤ ከመጀመሪያው እስከዚህ ያለው ሁሉ ከወረቀቴ ጋር ገጠመ። “ቀሪ የለም፤ ብቸኛ አይደለም” አለ አባቴ።